«ፎጣ ያው ፎጣ ነው» ለምትሉ

በአማርኛ «ፎጣ» ብለን ስለምንገላገል፣ እንግሊዝኛውም በአንድ ቃል የሚያልቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አያልቅም። ከታች በጥቅስ የምታዩዋቸው ሰዎች የሚሉት ስሕተት ነው።

«ፍላኔል የሸሚዝ ጨርቅ ነው።» አሰልቺው ይሄ ነው። አሜሪካ ከሆናችሁ ልክ ናችሁ፤ ሱቅ ገብታችሁ ፍላኔል ብትሉ ወደ ሸሚዝና ፒጃማ ይመሯችኋል። እንግሊዝ አገር ግን ፍላኔል ማለት በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ተነክሮ ፊት የሚታጠብበት ጨርቅ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ከሱፍ የተሠራ» ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። ቃሉ ዱሮ የሱፍ ጨርቅ ስም ነበር፤ በተለይ ዌልስ በዚሁ ሽመና ትታወቅ ነበር። ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቶ፣ ዕቃው እንደማንኛውም ፎጣ ክሩ ቀለበት እየሠራ የተሸመነ ጥጥ ነው። (እንግሊዞች ነገር እያሳመሩ መሸፋፈንንም ፍላኔል ይሉታል።)

ይኸው ጨርቅ አሜሪካ ሲሻገር ዋሽክሎዝ፣ በደቡቡ በኩል ደግሞ ዋሽራግ ይሆናል። ካናዳና አየርላንድ ፌስክሎዝ ይሉታል፤ አውስትራሊያ ፌስ ዋሸር፣ ሲያጥር ዋሸር። አሜሪካ ውስጥ ዋሸር ብላችሁ ብትጠይቁ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው የሚያሳዩአችሁ፤ የብሎን ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ሮንዴላ ያቀብላችኋል።

«ዋሽክሎዝና ሃንድ ታወል አንድ ናቸው።» ሃንድ ታወል 40 በ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሳይነከር እርጥብ እጅ ያደርቃል። ዋሽክሎዝ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ያጥባል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ታማሚ ሲታጠብ ነው፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፤ ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ንጹሕ ጥግ። ይህን በሃንድ ታወል የሚሞክር ጫፉ አንሶላውን ያረጥብበታል፣ የተጠቀመበትን ጥግም ካልተጠቀመበት መለየት ያቅተዋል። ሲያበቃ ዋሽክሎዙ ታጥቦ ተዘርግቶ ይሰቀል፤ ተጨብጦ ካደረ ይሸታል። የልብስ ማለስለሻም አታብዙበት፣ ክሩን እየሸፈነው ውሃ መምጠጥ ያቆማል።

«ሉፋ የባሕር ስፖንጅ ነው።» የዱባ ዘመድ የሆነ ሐረግ ፍሬ ነው፤ ደርቆ ሲላጥ የሚቀረው ቃጫ። በየሱቁ ሉፋ እየተባለ የሚሸጠው ባለቀለም ኳስ ፕላስቲክ ነው።

«ቲ ታወል ለሻይ ነው።» የእንግሊዞች የዕቃ ማድረቂያ ነው፤ አሜሪካኖቹ ዲሽ ታወል ይሉታል። ዲሽክሎዝ ከተባለ ግን ማጠቢያው ነው፤ በሱ ብርጭቆ የሚያደርቅ ሰው የድስቱን ቅባት ወደ ብርጭቆው እያዛወረ ነው።