ጎኩን በስፓንኛ ያናገሩ ሴቶች

ከሜክሲኮ እስከ ቺሊ የጃፓኑን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) ድራጎን ቦል እያየ ያደገ ልጅ የሚያስታውሰው ድምፅ የተቀዳው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንተርትራክ በተባለ ስቱዲዮ የድምፅ ትርጉሙን የመራችው ግሎሪያ ሮቻ ስትሆን፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የትንሹ ጎኩ፣ ድምፅ ደግሞ የላውራ ቶሬስ ነበር።

ወንድ ልጅን ሴት መናገሯ በሙያው የተለመደ ነው፤ እውነተኛ ልጅ ቢመረጥ ተከታታዩ ሳያልቅ ድምፁ ይጎረንናል። የሚገርመው የቀጠለው ነው። በጃፓን ጎኩ ካደገም በኋላ ማሳኮ ኖዛዋ አባትየውንም ልጆቹንም ብቻዋን ትናገራለች። በሜክሲኮ ግን ጎልማሳው ጎኩ ለማሪዮ ካስታኜዳ ተሰጠና የቶሬስ ድምፅ መጀመሪያ ወደ ልጁ ጎሃን፣ በኋላም ወደ ታናሽየው ጎተን ተሻገረ። ተመልካቹ የአባትየውን የልጅነት ድምፅ በልጆቹ አንደበት መልሶ ሰማው። ከጃፓኑ የተለየ ነው እንጂ የሚያንስ አይደለም።

ተዋናዩ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ ጽሑፉን አትሮንስ ላይ ዘርግቶ፣ ንግግሩን ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ይቀዳል። የገጸ ባሕርዩ ከንፈር ተገጥሞ ድምፁ ከተረፈ አዘጋጅዋ ከመስታወቱ ማዶ ታስቆመዋለች፤ ቃል ተቀንሶ እንደገና ይሞከራል። ሥራው ለብዙ አገር ስለሚሸጥ የሜክሲኮ የሰፈር ንግግር አይገባበትም። ስምም ይፈተሻል፦ የጎኩ ሚስት በጃፓንኛ ቺቺ ናት፣ ቃሉ ግን በሜክሲኮ የመንገድ ቋንቋ ጡት ማለት ነው። ስለዚህ «ሚልክ»፣ በእንግሊዝኛ ወተት፣ ተባለች። ቺቺ በጃፓንኛም ወተት የሚል ትርጉም ስላለው፣ ቀልዱ በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

የ1992ቱ የሜክሲኮ የሲኒማ ሕግ የውጭ ፊልም በሲኒማ ቤት በመጀመሪያ ቋንቋው እንዲታይ ሲያዝ፣ የልጆች ፊልምና ትምህርታዊ ዘጋቢ ፊልም ግን በስፓንኛ ድምፅ እንዲታዩ ለይቶ ፈቅዶ ነበር። ሙያው በቴሌቪዥንና በልጆች ሥራ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያው ትውልድ ክሪስቲና ኤርናንዴስ ካርድካፕተር ሳኩራ በተባለው አኒሜ የሳኩራ ድምፅ ነበረች፤ በኋላ አዘጋጅም ሆናለች። ፓትሪሺያ አሴቬዶ ደግሞ የሌላ አኒሜ ጀግና ሴይለር ሙንን፣ በስፓንኛው ሴሬናን፣ እንዲሁም የአሜሪካው ካርቱን ሲምፕሰንስ ልጅ ሊሳ ሲምፕሰንን ተናግራለች። በ2005 የተዋናዮች ማኅበርና የድምፅ ስቱዲዮው ሲወዛገቡ እሷና ባልደረቦቿ ሲምፕሰንስን ለቀቁ፤ ተመልካቹ አዲሶቹን ድምፆች በቀላሉ አልተቀበለም። በ2021 የሴይለር ሙን ፊልም በኔትፍሊክስ ሲወጣ ግን ጀግናዋን የተናገረችው አሴቬዶ ነበረች፤ ገጸ ባሕርይዋ አሁንም ተማሪ ናት።