«ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ማቴዎስ 6፥3 ላይ ስለ ምጽዋት የተነገረው ይህ ቃል ብዙዎቻችንን ግራ ያጋባል። ያው ጌታ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ 5፥16 ላይ፣ ሰዎች መልካሙን ሥራችሁን አይተው አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ ይብራ ብሏልና። ታዲያ እንደበቅ ወይስ እንታይ?

መፍቻው 6፥1 ላይ ነው፦ «ለሰዎች ትታዩ ብላችሁ»። የተከለከለው መታየቱ ሳይሆን ለመታየት ብሎ መስጠቱ ነው። በመጀመሪያው ክብሩ ለአባት ይሄዳል፤ በሁለተኛው ሰጪው ጋ ይቀራል።

በ2013 ክረምት ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ ሁለቱንም አይቻለሁ። አንዲት እናት በጨርቅ የቋጠሩትን እንጀራ በር ላይ ለቆመው ልጅ ሰጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ስማቸውን የጠየቀ የለም። ሌላ ቀን ደግሞ ዘይት ሊቀበሉ የመጡ ሴቶች ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ለካሜራ እንዲቆሙ ተደረገ። አንዷ ፊቷን በሻሿ ስትሸፍን አንጀቴ ተላወሰ። ዘይቱ ያው ዘይት ነው፣ ልጆቿም ይበሉበታል፤ እሷ ግን ውርደትም ተሸክማ ሄደች።

«ግራህ» የተባለውስ? ለቀኝ እጅ ከግራ እጅ ይበልጥ የሚቀርብ ማን አለ? እንግዲህ ግራህ የተባለው የራስህ ልብ ነው። ሰው ባያይህም «እኔ እኮ እንዲህ ነኝ» እያልክ ለራስህ አትቁጠር ማለት ነው።

ይህ ግን የሕዝብ መዋጮ ሒሳብ ይደበቅ ማለት አይደለም። ጳውሎስ የርዳታ ገንዘብ ሲያሰባስብ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ይጠነቀቅ ነበር፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21ን ማየት ነው።