ሬፖሳዶ ቴኪላ፦ አሠራሩና አቀማመሱ

ቴኪላ የሜክሲኮ የአልኮል መጠጥ ነው፤ ሬፖሳዶ ደግሞ ከኦክ ዛፍ እንጨት በተሠራ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ 2 ወር ያረፈ ቴኪላ ነው። 1 ዓመት የሞላው አኜሆ፣ 3 ዓመት የሞላው ደግሞ ኤክስትራ አኜሆ ይባላል። የሚሠራው ከሰማያዊ አጋቬ ሲሆን፣ በአገራችን ቃጫ የሚወጣበት ሲሳል የተባለው ተክል የቅርብ ዘመዱ ነው። አጋቬው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ካደገ በኋላ ቅጠሉ ይመለመላል፤ እምብርቱ በስሎ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በእርሾ ተብላልቶ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። ቴኪላ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሜክሲኮ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ የሚመረተውም በሃሊስኮ ግዛትና በሌሎች 4 ግዛቶች ባሉ የተወሰኑ ወረዳዎች ብቻ ነው።

ጣዕሙን የሚወስነው የወሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ለአኜሆ በርሜሉ ከ600 ሊትር እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል፤ ለሬፖሳዶ ግን ገደብ ስለሌለ በሺህ የሚቆጠር ሊትር በሚይዝ ትልቅ የእንጨት ጋን የሚያሳርፉ አምራቾች አሉ። በትልቅ ጋን ውስጥ እንጨቱን የሚነካው መጠጥ ጥቂት ስለሆነ ቀለሙ የገለባ ያህል ፈዛዛ ይሆናል፤ አጋቬውም ጎልቶ ይወጣል። ቀድሞ ቡርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ግን ቫኒላውንና ካራሜሉን ቶሎ ይሰጣል። ቢሆንም በ3 ወር የጠቆረ ሬፖሳዶ ካጋጠመ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከክብደቱ እስከ 1% የሚደርስ የካራሜል ቀለም፣ የኦክ ጭማቂ፣ ግሊሰሪን ወይም የስኳር ሽሮፕ መጨመር ይፈቀዳልና።

ከመግዛት በፊት ጠርሙሱ ላይ «100% አጋቬ» የሚለውን መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ እስከ 49% የሚሆነው ስኳር ከሌላ ምንጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ኖም (NOM) ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ባለ 4 አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ፋብሪካ ያሳያል፤ የተለያየ ስም ያላቸው ሁለት ጠርሙሶች ከአንድ ፋብሪካ መውጣታቸው የሚታወቀው በዚሁ ነው።

ለመቅመስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል አፉ ጠበብ ባለ፣ እግር ባለው ብርጭቆ ይቀዳል። በረዶ አይገባበትም፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሲቆይ የሚወጋው የአልኮል ሽታ ይቀንሳል። አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት ስህተት ነው፤ አልኮሉ ማሽተቻውን ያደነዝዘዋል። አፍን በትንሹ ከፍቶ፣ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብሎ ማሽተት ይሻላል። መጀመሪያ መምጣት ያለበት የበሰለው አጋቬ ነው፤ ቀረፋ፣ ቫኒላና ቁንዶ በርበሬ ይከተላሉ። ቫኒላው ቀድሞ እንደ ኬክ ክሬም ከሸተተ የተጨመረ ነገር እንዳለ ያስጠረጥራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ደግሞ ሲነጠር ቀድሞ የሚወጣው ክፍል በደንብ እንዳልተለየ ያመለክታል።

የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ለማለማመድ ነው፤ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ከምላስ ጎን ወደ ጎን ተንከባልሎ ለጥቂት ሰከንድ ከቆየ በኋላ ይዋጣል፤ ከዚያ በአፍንጫ መተንፈስ። ጨውና ሎሚ ጣዕሙን ስለሚሸፍኑ ለዚህ አይሆኑም። ሁለት ዓይነት ለማነጻጸር የዚያው አምራች ብላንኮ፣ ማለትም በእንጨት ያላረፈው፣ ቢቀድም መልካም ነው፤ በርሜሉ የጨመረው የቱ እንደሆነ በግልጽ ይለያል።

የተከፈተ ጠርሙስ ቆሞ ይቀመጣል፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ከወረደ አየሩ ሽታውን ስለሚያደክመው በጥቂት ወራት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል።