ለአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲስተሙን ማን ይዘርጋ? ከድሬዳዋና ከሐረር

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ሆስፒታል ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ካርድ ክፍል ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ፣ ጠርዙ የተበላ ካርቶን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር። ካርዱ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ አዲስ ይወጣል፣ የዓመታት ታሪክም እዚያው አቧራ ላይ ይቀራል። የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ የሚባለው ይህንን ካርድ ወደ ኮምፒውተር የሚያመጣው ሶፍትዌር ነው። ለአእምሮ ጤናና ለሱስ ሕክምና ሲሆን ግን የራሱ ጠባይ አለው። ወደሱ እንመጣለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ሶፍትዌሩን የሚሠራውና መጥቶ የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ኦፕንኤምአርኤስ ለምሳሌ በፈረንጆቹ 2004 የተጀመረ፣ ማንም በነጻ አውርዶ የሚጠቀምበት ሲስተም ነው። ባህምኒ የሚባለው ደግሞ ላቦራቶሪና ሒሳብ ተጨምሮበት እሱ ላይ የተገነባ ነው፣ መነሻውም ሕንድ ነው። እኛም አገር ገብቷል። ነጻ ሲባል ታዲያ ነጻ የሆነው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ፎርሙን ማዘጋጀት፣ የድሮውን ካርድ ማስገባት፣ ኔትወርክ መዘርጋት፣ ነርሷንም ሐኪሙንም ካርድ ክፍሏንም ማሠልጠን፣ ሥራ የሚጀመር ቀን አጠገብ መቆም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስልክ ማንሳት፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው፣ የሚሠራውም ሌላ ድርጅት ነው። ጥሩ የአማርኛ ስም አልወጣለትም። እኔ ዘርጊ እለዋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ እንደ ኔትስማርት ያሉ ለአእምሮ ጤና ተብለው የተሠሩ ትልልቅ ሲስተሞች አሉ። እዚያ ትልቁ ራስ ምታት የኢንሹራንስ ሒሳብ ነው። የሱስ ታካሚ መዝገብ ደግሞ ከሌላው ሕክምና ተለይቶ በራሱ የፌዴራል ደንብ ይጠበቃል። ከዚያ ዓይነት ሥራ የመጣ ዘርጊ ምስጢር መጠበቅ ያውቅበታል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኛን ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት ግን አያውቀውም። የኛ ወርሃዊ ሪፖርት የሚገባው ዲኤችአይኤስ2 በሚባለው የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያ ሲስተም ነው። አዲሱ ሲስተም ከሱ ጋር ካልተግባባ ነርሷ ወር መጨረሻ ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትቆጥር ታመሻለች። ያው በፊትም ስታደርገው የነበረውን ማለት ነው።

የአእምሮ ሕክምና ካርድ ከሌላው የሚለየው አንደኛ ታሪክ ስለሆነ ነው። ወባ በአንድ መስመር ያልቃል። እዚህ ግን ታካሚው ያለው፣ እናቱ ያለችው፣ ሐኪሙ ያየው ለየብቻ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ክትትሉ ዓመታት ይፈጃል። ፍሉፌናዚን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው መርፌው በየ2 እስከ 4 ሳምንት ነው፤ አንድ ቀጠሮ ካለፈው ሲስተሙ ራሱ ስሙን አውጥቶ ማሳየት አለበት፣ ምክንያቱም ያ ሰው ታምሞ እስኪመለስ ድረስ ማንም ላያስታውሰው ይችላል። ክሎዛፒን የሚባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት በየሳምንቱ ደሙ መታየት አለበት። የድባቴ መለኪያው ፒኤችኪው-9 ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27። ሲስተሙ ደምሮ ካለፈው ወር ጋር ካላነጻጸረው ወረቀቱ ምን አጠፋ?

ከዚያ ጫት አለ። ከውጭ የመጣ ፎርም አልኮል ይጠይቃል፣ ሲጋራ ይጠይቃል። ጫት "ሌላ" የሚለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሐረር ላይ ጫትን "ሌላ" ማለት! ስንት ዙርባ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ማታ እንቅልፍ አለ ወይ፣ ይሄ ቦታ ያስፈልገዋል። ጥሩ ዘርጊ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ከሳይካትሪ ነርሷ ሰምቶ ፎርሙን ይቀይራል። መጥፎው "በሚቀጥለው ቨርሽን" ይላል።

ቀን ሌላው ነገር ነው። ሠርቶ ማሳያ ላይ ስትቀመጡ ጳጉሜን 3 ቀጠሮ ያዙልን በሏቸው። በቃ፣ ይሄው ነው ፈተናው። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት ልጁ ወሩን ፈለገ፣ ፈለገ፣ በመጨረሻ "መስከረም 3 እናድርገው?" አለ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የተባለ ታካሚ ስክሪኑ ላይ 9 ሰዓት ተብሎ ከወጣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ስምም አለ። መሐመድ፣ መሃመድ፣ ሙሐመድ፣ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ። አባትየው አሕመድ ከሆነ ሐረር ውስጥ ስንት እንደሚሆኑ ገምቱ። ሲስተሙ ሀ እና ሐን እንደ አንድ ቆጥሮ ካልፈለገ፣ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ካላስገደደ፣ አንድ ሰው ሦስት ካርድ ይኖረዋል፣ ወይም ይባስ ብሎ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይታዘዛል።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማን ያያል የሚለው ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ቦታ ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የታካሚው የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ድሬም ብትሆን ሰፊ ትመስላለች እንጂ ከከዚራ እስከ መጋላ ወሬ ፈጣን ነው። ወረቀት ካርድ ቢያንስ አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ፓስወርድ ያለው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ስምና ቀጠሮ ብቻ፣ ፋርማሲ መድኃኒቱን ብቻ፣ ታሪኩን የሚያክመው ባለሙያ ብቻ። ማን መቼ እንደከፈተውም ተመዝግቦ ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ይመድበዋል። ዘርጊው "ይህንን ማን ማየት የለበትም?" ብሎ ሳትጠይቁት ከጠየቃችሁ፣ እኔ ብሆን ዋጋውን ከማየቴ በፊት ግማሽ ልቤን እሰጠዋለሁ።

ዋጋው ያው በጨረታ ነው። ትንሽ የጠራ ያሸንፋል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያስከፍላል፣ ምክንያቱም ርካሹ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው ሥልጠናውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ድጋፍ ነው። ቴክኒካል ፕሮፖዛሉ ላይ ስማቸው የሰፈረው ሰዎች ራሳቸው ይመጣሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ፕሮፖዛል ላይ ዶክተር ተጽፎ በሩ ላይ ትናንት የተቀጠረ ልጅ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት የዘረጉበትን ክሊኒክ ሄዳችሁ እዩ። ኃላፊውን ሳይሆን ነርሷን አነጋግሩ። አጠገቧ አሁንም ደብተር ከያዘች፣ መልሱን አግኝታችኋል።

መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆረጣል። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ሆኖ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ፣ ኤሲ የሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቆለፈ ሰርቨር ዕድሜ የለውም። ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለ ሲሏችሁ መረጃውን ከቅጂው እዚያው መልሳችሁ አሳዩን በሉ። ሥልጠናው ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ ስብሰባ የሚጠራ ድርጅት ድሬን አያውቃትም።

ውሉ ላይ መረጃው የክሊኒኩ መሆኑ፣ ስትለያዩ በሚነበብ ፋይል እንደሚሰጣችሁ፣ ዋናው ፓስወርድም በታሸገ ፖስታ እናንተ ጋ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። ክፍያውም ተቆራርጦ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍል ሲስተሙ ሦስት ወር ሠርቶ ከታየ በኋላ።

ይሄን የምለው ያየሁት ስላለ ነው። አንድ የማውቀው ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ ሁሉን የሚያውቀው የዘርጊው ልጅ ሥራ ለቀቀ። ፓስወርዱም አብሮት ሄደ። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ሰው እስኪልክ ሁለት ሳምንት ስክሪኑ "የተሳሳተ ፓስወርድ" እያለ ቆየ። ደግነቱ ካርድ ክፍሏ ሴትዮ፣ ሲስተሙ የገባ ጊዜ መደርደሪያው ይፍረስ ሲባል እምቢ ብላ የተሟገተች ናት። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ካርዶቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች።