ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ቁማርና አደንዛዥ ዕፅን ስለ መፍቀድ የሕዝብ አስተያየት

ቁማርና አደንዛዥ ዕፅ በሕግ ይፈቀዱ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሕዝብ የሚሰጠው መልስ ከዘመን ዘመን ይለያያል፤ እንደ አጠያየቁም ይለያያል። ለውጡን ለመከታተል እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት መዝገቦች አንዱ በአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው የጋሉፕ ድርጅት መዝገብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ድርጅቱ በ1969 ስለ ማሪዋና ሲጠይቅ ሕጋዊ ይሁን ያለው 12 በመቶ ብቻ ነበር። በ1977 ቁጥሩ 28 ደረሰ፣ በ1985 ወደ 23 ወረደ፣ በ2013 58፣ በ2023 ደግሞ 70 በመቶ ሆነ። አንድን ጥያቄ ለግማሽ ምዕት ዓመት በትዕግሥት መደጋገም ትልቅ ውለታ ነው፤ ቃሉ በየጊዜው ቢቀያየር ኖሮ የተለወጠው ሰዉ ይሁን ጥያቄው መለየት አይቻልም ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለት ምርጫ ብቻ ሲቀርብ ለሕክምና ብቻ ይፈቀድ የሚል ሰው የሚገባበት ያጣል። ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 ሦስት ምርጫ ሲያቀርብ 57 በመቶው ለሕክምናም ለመዝናኛም፣ 32 በመቶው ለሕክምና ብቻ ይፈቀድ አሉ፤ ፈጽሞ አይፈቀድ ያሉት 11 በመቶ ነበሩ። የጋሉፕን 70 ከፒው 57 ጋር አስተያይቶ «ድጋፉ ወደቀ» ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው።

ብዙ ዘገባዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር ከወንጀልነት ማውጣትን ከመፍቀድ ጋር ማምታታት ነው። ፖርቱጋል ከ2001 ጀምሮ እስከ ዐሥር ቀን ፍጆታ የሚሆን ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው የምትልከው ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ልዩ ኮሚሽን ነው፤ ሽያጩ ግን ዛሬም ወንጀል ነው። የስዊዘርላንድ መራጮች ሕክምናን ከገበያ ለይተው ያያሉ፦ በ2008 በአንድ ቀን ድምፅ ሲሰጡ 68 በመቶው ለከባድ ሱሰኞች ሄሮይን በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ሕግ አጸደቁ፣ 63 በመቶው ግን ካናቢስ (ማሪዋና) ይፈቀድ የሚለውን ውድቅ አደረጉ። በ2020 ኒውዚላንድ ዝርዝር ረቂቅ ሕግ (ዕድሜ ከ20 ጀምሮ፣ ግዢ በቀን እስከ 14 ግራም) ለሕዝበ ውሳኔ አቅርባ 50.7 በመቶው ተቃወመ፣ 48.4 በመቶው ደገፈ።

ድጋፍ ሊቀለበስም ይችላል። በአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት 58 በመቶው መራጭ በ2020 ለግል መጠቀሚያ ዕፅ መያዝ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር ወሰነ። ለሕክምና የተመደበው ገንዘብ ሲዘገይና ዕፅ በአደባባይ መጠቀም ዓይን ሲያስቆጣ ስሜቱ ተገለበጠ፤ ሕግ አውጪዎቹ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ድርጊቱን ዳግም ወንጀል አደረጉት።

ቁማርን በተመለከተ ሎተሪ በአብዛኛው ተቃውሞ አያስነሳም። የስፖርት ውርርድ የተለየ መንገድ ይዟል፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የፌዴራል ክልከላውን ከሻረ በኋላ ውርርዱ ለኅብረተሰቡ ጎጂ ነው የሚለው ወገን፣ በፒው ጥናት፣ በ2022 ከነበረበት 34 በመቶ በ2025 ወደ 43 ከፍ ብሏል።