ከባድ ስፖርት እና የሴቶች ጉበት

ጉበት ሲነሳ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚታወሰው የወፍ በሽታ ነው። ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ የሰፈር ሰው «ወፍ አልፎባት ነው» ይላል። ከስፖርት ጋር የሚያያዘው ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ጉበት ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ስኳር በግላይኮጅን መልክ ያስቀምጣል። ሩጫ ሲጀመር ያንን እየፈታ ወደ ደም ይለቃል። ሌሊቱን ብቻ ብዙው ያልቃል። በዐቢይ ጾም ሳይቀምሱ ሜዳ የሚወጡ ሴቶችን ጉልበት የሚከዳቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንዲት ሴት ሰኞ ማታ ጂም ገብታ እግር ሠራች እንበል። ስኳቱ ከበድ ብሏል፤ ማክሰኞ ደረጃ መውረድ አቅቷታል። ረቡዕ ጠዋት ለዓረብ አገር ጉዞ የጤና ምርመራ ደም ሰጠች። ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ የሚባሉት፣ በጉበት ምርመራ የሚለኩ ኢንዛይሞች ከፍ ብለው መጡ። ቤተሰብ ተደናገጠ። እነዚህ ኢንዛይሞች ግን ጡንቻ ውስጥም አሉ፤ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ክብደት ማንሳት ያልለመዱ 15 ጤነኞችን አሠርቶ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ለ7 ቀን ከፍ ብሎ መቆየቱን አሳይቷል። ሌሎቹ የጉበት ልኬቶች፣ ቢሊሩቢንና ጂጂቲ፣ ግን አልተነቃነቁም። (15ቱም ወንዶች ነበሩ። ሴቶች እዚህም ወረፋ ይጠብቃሉ።) ስለዚህ ሐኪሙ የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየውን የሲፒኬ ምርመራ ይጨምራል፤ ሳምንት አሳርፎ ይደግማል። ያኔም ካልወረደ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ይደረጋል።

ጥቅሙ በደንብ የተጠናው በጉበት ስብ ላይ ነው። ስቡ ከጉበቱ 5 በመቶ ሲያልፍ የሰባ ጉበት ይባላል። ሴቶች እስኪያርጡ ድረስ ከወንዶች ያነሰ ይይዛቸዋል፤ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ ልዩነቱ ይጠባል። ስፖርት ሚዛን ላይ ኪሎ ባይቀንስ እንኳ ይህን ስብ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከባዱ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ለጉበት ስብ ግን ሁለቱም ተቀራራቢ ውጤት ሰጥተዋል።

የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ የገባው ገና በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ከ8 ዓመት በኋላ የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን 25 ዙር ጨርሳ ወርቁን ወሰደች። ጥንካሬው እንግዲህ አከራካሪ አይደለም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። በሙቀት ሮጦ ራስን መሳት ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ጠንክሮ እየሠሩ በቂ አለመብላት ደግሞ የወር አበባን ያስቀራል፣ አጥንትን ያሳሳል። ጂም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠው «ስብ ማቅለጫ» እንክብልም አለ። ከነዚህ አንዳንዱ የተጨመቀ አረንጓዴ ሻይ ይዟል። በስኒ ሲጠጣ ችግር የለውም፤ በእንክብል ተጠናክሮ ሲወሰድ ግን የጉበት ጉዳት ያስከተለባቸው ሴቶች አሉ።