ጥርስ ተሞላ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ጥርስ ሊያስሞላ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ነጩ ሙሌት፣ ስለ ኮምፖዚት፣ የሰማው ነገር አያጣም። ደጋግመው የሚነግሩኝን ላንሳ።

«አንዴ ከተሞላ ዳግም አይበላም።»
ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሙሌቱ አይበላም፤ ዙሪያውን ያለው ጥርስ ግን ይበላል። ኮምፖዚት በሰማያዊው መብራት ሲጠነክር ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ትንሽ ይመስላል። ግን ከጥርሱ ጠርዝ ካላቀቀው ለባክቴሪያ በር ተከፈተ ማለት ነው። የተለመደውን ዓይነት በ2 ሚሊ ሜትር ንብርብር እየጨመርን፣ እያንዳንዱን በመብራት የምናጠነክረውም ለዚህ ነው። መብራቱም ከዚያ በላይ ጠልቆ በደንብ አይደርስም።

«ምራቅ ትንሽ ቢነካው ምን አለበት?»
ብዙ አለበት! መጀመሪያ የጥርሱን ጠርዝ ፎስፎሪክ አሲድ ለ15 ሰከንድ ያህል እንቀባዋለን። ታጥቦ ሲደርቅ ኢናሜሉ፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ የውጭ ሽፋን፣ እንደ ጠመኔ ነጭ ይሆናል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል፤ ማጣበቂያው እዚያ ገብቶ ይቆለፋል። ዘዴው ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል፤ ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው። ምራቅ ከገባ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናቸዋል። በቅርቡ አንድ ወጣት ልክ እዚህ ላይ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። ምራቅ እንዳይደርስ ያስቀመጥነውን ጥጥ በምላሱ ገፍቶ «ሃሎ» አለ። ያ ጠመኔ የመሰለው ጠርዝ ወዲያው ረጠበ። አጥበን፣ አሲዱን ደግመን ቀባን። እባካችሁ፣ ጥጡ ወይም የላስቲኩ ሽፋን ቢያስጨንቅም ታገሱን።

«ነጩ በሁሉም ነገር ከብረቱ ይበልጣል።»
በመልክ አዎ። የብረቱ ሙሌት ግን ጠርዙ ላይ ቀስ በቀስ የሚፈጠረው ዝገት ክፍተቱን ይደፍንለታል። ነጩ ይህ የለውም። ጉድጓዱ ከድድ በታች ወርዶ ኢናሜል ከሌለ ደግሞ ነጩ ጥርሱን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ይደክማል።

«ጠርዙ ጠቆረ፣ በቃ ተበላሽቷል።»
ሁሌ አይደለም። ቡናና ሻይም ያጠቁሩታል። ሳይታይ ሙሌቱ ይነቀል አትበሉ።

«ካላመመኝ ደህና ነው።»
ከሙሌት ሥር የሚበላ ጥርስ ነርቡ ጋር እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል። ምግብ አንድ ቦታ እየተቀረቀረ ካስቸገረ፣ ወይም የጥርስ ክር ስታስገቡ ሙሌቱ ጋ እየተበጣጠሰ ከወጣ፣ ሕመም ሳትጠብቁ ኑና ይታይ።